ደፍ ላይ የሚቆመው ሰላይ

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ ምላሴ እንደ ደረቀ ዓሣ ምስማር ላይ ይንጠልጠል፤ የአባቴ መቃብርም ይመስክርብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተዋናዩን የዜሊግ ብራይማንን መጋረጃ የሳብኩት እኔ ሻዬ ነኝ። ገመዱ መዳፌ ላይ ያወጣው መጅ እስካሁን አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ይዳስሰው። ዜሊግ የነገረኝን እጽፋለሁ። ያልነገረኝንም እጽፋለሁ፤ እሱንማ ከራሱ ከባለታሪኩ አብልጬ ነው የማውቀው።

እንግዲህ ያዙ።

ኦዴሳ፣ የካቲት 1920። ባሕሩ ዳር ዳሩን በረዶ ሠርቷል። ብርዱ እንዴት ያለ እንደነበር ልንገራችሁ፦ ሰው ጎዳና ላይ ሲሳደብ ስድቡ አየር ላይ ደርቆ ይቀርና ተሰዳቢው ጆሮ የሚደርሰው በማግስቱ ነበር።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። የቮልፍ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት። በላይኛው እርከን ላይ አንድ ሰው ራቁቱን ተቀምጦ ያልበዋል።

የምስጢር ስሙ «ሙሽራው» ነው።

ሙሽራው «ሳሙና» የሚባል ሰው እየጠበቀ ነው። ሳሙና ዘግይቷል። ከታች፣ ከእግሩ ሥር፣ ከተማዋን የያዘው የፀረ አብዮቱ ነጭ ጦር መኮንኖች ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ስድስት ነበሩ የሚለኝ ካለም አልጣላውም።

ራቁት ሆኖ መሰለል ከባድ ነው። በዚያ አገር የተገረዘ ወንድ ማለት አይሁዳዊ ማለት ነው፤ ሌላ መታወቂያ አይጠየቅም። ሙሽራው ገላ የሚመታበትን የቅጠል ጭብጥ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። በዚህ ዓለም ላይ ያለው ልብስ እሱ ብቻ ነው።

«አንተ እላይ ያለኸው!» አለ አንደኛው መኮንን። «ያንን ቅጠል ወዲህ በለው፤ ጀርባዬን ልደብድብበት።»

ሙሽራው አልተንቀሳቀሰም።

«ደንቆሮ ነህ እንዴ? ወርውረው እንጂ!»

መኮንኑ ተነሣ።

አንድ እርከን ወጣ።

ሁለተኛውን ወጣ።

ቸስ!

አንድ ባልዲ ውኃ የጋለው ድንጋይ ላይ ፈሰሰ። እንፋሎቱ ክፍሉን እንደ ተነደፈ ጥጥ ሞላው። መኮንኑ እያሳለ፣ የባልዲውን ባለቤት እናት በስም እየጠራ ወደ ቦታው ተመለሰ። በጭጋጉ ውስጥ አንድ እርጥብ እጅ የሙሽራውን እጅ ፈልጎ አገኘ። የልብስ መስቀያ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ነሐስ አስጨበጠው።

«አሥራ ሰባት፣» አለ ሳሙና። የመታጠቢያ ቤቱ አሳላፊ ነው። «ባለቤቱ ሻምበል ነው። ሰክሮ ጓዳ ተኝቷል። እስከ ስምንት ሰዓት አይነቃም።»

«ትእዛዙስ?»

«ካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ‹ኮፍያ› ነው የሠራው። ማኅተሙ ከእውነተኛው ያምራል።»

«ጫማውስ?»

«በሁለት ቁጥር ያንስሃል።»

«ተዋናይ ነኝ እኮ፣» አለ ሙሽራው። «በልኬ ጫማ ኖሮኝ አያውቅም።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ከቮልፍ መታጠቢያ ቤት በር ላይ አንድ የነጭ ጦር ሻምበል ወጣ። ጢሙ በሰም ከመወልወሉ የተነሣ ርግብ ሁለቱም ጫፍ ላይ ብታርፍበት አይታጠፍም ነበር። ሻምበል ሌቤዴቭ። ከእንግዲህ ስሙ ይኸው ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በአሮጌው ጉምሩክ ምድር ቤት ያሉት ሃያ ሦስት እስረኞች ለዚህ መኮንን ይሰጡ።

ከሃያ ሦስቱ አንዷ ፐርል ናት።

ፐርል የቴአትር ቡድናችን ዋና ተዋናይት፣ የዜሊግ ሚስት። ከዘጠኝ ቀን በፊት የሙሽራ ልብስ ሣጥን ውስጥ የቀዮቹን፣ የአብዮተኞቹን፣ በራሪ ወረቀት ደብቃ ተያዘች። እስረኞቹ በስምንት ሰዓት ጀልባ ላይ ሊጫኑ ነው። ያቺን ጀልባ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ሞልታ ትሄዳለች፤ ከወደብ ሳትርቅ ተመልሳ ትመጣለች፤ ስትመለስ ባዶ ናት።

ስለ ዜሊግ ትንሽ ልበላችሁ፤ ጫማው እየጨመቀው መንገድ ላይ ነው፣ አያመልጠንም።

ዜሊግ አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በዪዲሽ፣ በእኛ በአይሁዶች ቋንቋ፣ መድረክ ላይ ሙሽራ ሆኖ ሲድር ሲዳር ኖሯል። የሩሲያው ንጉሥ ገዢ ዪዲሽ ከመድረክ ይውጣ ሲል፣ ማስታወቂያው ላይ «የጀርመን ቴአትር» ብለን ጻፍን፤ ፖሊስ ሲገባ ዜሊግ አፍንጫውን ነፍቶ ጀርመን ይሆናል፣ ፖሊሱ ሲወጣ ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። ጦርነቱ ሲመጣ ጀርመንም ወንጀል ሆነ። ያን ጊዜ በባቡር ጣቢያ፣ ስደተኛ መሐል፣ ድዳ ሙሽራ ሆኖ በእጅ ብቻ ተጫወተ፤ ሕዝቡ በሳቅ ባቡር አመለጠው። ከዚያ አብዮቱ። በሦስት ዓመት ሰባት መንግሥት ገባ ወጣ። ዜሊግ ያንኑ ሠርግ ለሰባቱም ባንዲራ ደገሰ። መጋረጃዬን አንዱ መንግሥት ለቁስል ማሰሪያ ቀደደው፣ ሌላው ባንዲራ አደረገው፣ የመጨረሻው ሱሪ ሰፋበት።

ሁለት ነገር ግን የትኛውም መንግሥት አልቀየረለትም።

አንደኛ፣ የሚናገረውን በቃሉ አያውቅም። አንድም ድርሰት አጥንቶ አያውቅም። መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ቃል አስታዋሹ ሬብ መንደል፣ በእናንተ አቶ መንደል፣ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር ይሹክለታል። መንደል ባይኖር ዜሊግ እንደምን ዋላችሁ ማለትም አይሆንለትም።

ሁለተኛ፣ ሲገባ ይቆማል። የእኛ ሰው ታላቅ ተዋናይ ሲገባ ሳያጨበጭብ ታሪኩን አያስጀምረውም። ስለዚህ ዜሊግ በሩን ይከፍታል፣ ደፉ ላይ ይቆማል፣ አገጩን ያነሣል፣ ይጠብቃል። ጭብጨባው አንዳንዴ ከመርዘሙ የተነሣ ሰው ቤቱ ሄዶ ሾርባ ጠጥቶ ይመለስ ነበር። ልማዱ እስከ ቤቱ ተከተለው። መጸዳጃ ቤት እንኳ ሲገባ በሩ ላይ ሦስት ይቆጥራል።

እንግዲህ ወደ ጉምሩኩ።

በሩ ላይ አንዲት ሴት የሱፍ ፍሬ ትሸጣለች። ዘበኛው ሻምበሉን አይቶ ተረከዙን አጋጨ። ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጀርባው ላይ ፍልጥ ተሸክሞ፣ ጥላሸት ለብሶ እያዘገመ ነው። አንድ ፍልጥ ሻምበሉ እግር ሥር ጣለ። ለማንሣት ጎንበስ አለ።

መንደል ነው። የምስጢር ስሙ «ሹክታ»። ከሳምንት በፊት ምድጃ አቀጣጣይ ሆኖ የተቀጠረው እዚሁ ነው። የእስር ቤቱ አዛዥ ኮሎኔል ቢሮ ውስጥ ያለው ትልቁ የሸክላ ምድጃ እሳቱ የሚለኮሰው ከኋላ፣ ከመተላለፊያው በኩል ነው። ድምፅ ያሳልፋል። ሁሉም የታቀደው በዚያ ላይ ነበር።

«ኮፍያ ሸጦሃል፣» አለ መንደል ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

ኮፍያ ማለት ሄርሽ ፖዝኒክ ነው፤ የቴአትራችን ሥራ አስኪያጅ። ድሮ ለሌለ ወንበር ትኬት ይሸጥ የነበረ ሰው፣ አሁን ለቀዮቹ ሕቡዕ ኮሚቴ ማኅተም ይቀርጻል።

«መቼ?»

«አሁን። ጠዋት። በምድጃው ሰማሁት። ኮሎኔሉን ‹አንድ ተዋናይ ሻምበል መስሎ ይመጣል› አለው። ኮሎኔሉ ‹በምን ዐውቀዋለሁ?› አለ። ‹ጌታዬ፣ ደፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ሦስት እስኪቆጠር። ጭብጨባ ይጠብቃል› አለው።»

ሻምበሉ የካፖርቱን አንገት አቀና።

«ታዲያ አልቆምማ!»

«ትቆማለህ። አንተን ነው የማላውቀው? ብትሰጥም እንኳ ባሕሩ ወለል ላይ ስትደርስ ቆመህ ዓሦቹን ታያለህ።»

«ልመለስ?»

መንደል ፍልጡን አነሣ። በአገጩ ወደ ታች ጠቆመ። ከምድር ቤቱ መስኮት፣ ከብረት ዘንጎቹ ጀርባ፣ የሰው ጣቶች ይታያሉ።

«የመጀመሪያው ቃሌ ምንድነው?» አለ ዜሊግ።

«አታስብ። ማሰብ አያምርብህም። እኔ ምድጃው ጀርባ ነኝ።»

አሥራ ሁለት ደረጃ። መተላለፊያ። ከጫፉ ድርብ በር።

ዜሊግ ለእግሮቹ ተናገረ። «አትቁሙ። ልለምናችሁ። አንድ ቀን እንኳ።»

በሩን ከፈተው።

ቆመ።

አንድ።

ኮሎኔል ራኪቲን ጠረጴዛው ጋ ነው። ሻይ በብርጭቆ ይዟል። ቀና አለ።

ሁለት።

ረዳቱ፣ አንድ ቀጭን መቶ አለቃ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ነው። ከጓዳው ሁለት ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ።

ሦስት።

ኮሎኔሉ ፈገግ አለ።

«ስደበው፣» አለ ምድጃው።

«አንተ አህያ!» ሲል ዜሊግ ጮኸ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ወደብ ላይ ያለ መርከብ መልሶ ጮኸ ይባላል። ጣቱን መቶ አለቃው ላይ ቀሰረ። «አዎ አንተ፣ ቅርፊት የምትተፋው! የበላይህ ደፍ ላይ ቆሞ ሰላምታህን ይጠብቃል! ስንት ልቁጠርልህ? አንድ ቆጠርኩ። ሁለት ቆጠርኩ። ሦስት ቆጠርኩ! ቀዮቹ ከተማው ጥግ ደርሰው እዚህ ሱፍ ይበላል?»

መቶ አለቃው ተፈናጥሮ ተነሣ። የሱፍ ፍሬው ወለሉ ላይ ተበተነ። ሰላምታ ሰጠ። ከድንጋጤው ብዛት በግራ እጁ ሰጠ።

ኮሎኔሉ ፈገግታው ከፊቱ ላይ መውረጃ አጣ።

«ጦር ክፍል?» አለ ቀስ ብሎ።

ዜሊግ አፉን ከፈተ። ባዶ።

«አራተኛ ፈረሰኛ፣» አለ ምድጃው።

«አራተኛ ፈረሰኛ፣ ክቡር ኮሎኔል። ሃያ ሦስቱን እስረኞች ልረከብ ነው የመጣሁት።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ኮሎኔሉ አልነካውም።

«ይገርማል፣» አለ። «ልክ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ አንድ ተዋናይ እንደሚመጣ ተነግሮኝ ነበር።»

«ሳቅ፣» አለ ምድጃው።

ዜሊግ ሳቀ። የሠርጉን ተውኔት የአራተኛውን ክፍል ሳቅ ሳቀ፤ አማቱ ወንዝ ውስጥ ስትወድቅ የሚስቀውን።

«የነገረዎ ሰው፣» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ዋጋው ምን ነበር?»

«የመርከብ መሳፈሪያ ወረቀት። ለአንድ ሰው።»

«መሳቢያውን፣» አለ ምድጃው። «ኮፍያ ወረቀቶቹን ዘግኗል። ሲወጣ መተላለፊያው ላይ አይቻለሁ።»

«ክቡር ኮሎኔል፣ እስኪ መሳቢያዎን ይዩት።»

ነጮቹ በሚሸሹበት በዚያ ሳምንት ኦዴሳ ውስጥ ከነፍስ በላይ የሚፈለግ ነገር ቢኖር የመርከብ ወረቀት ነበር። የኮሎኔሉ ለሚስቱ፣ ለእናቱ፣ ለውሻው ሳይቀር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። መሳቢያውን ሳበ። ውስጡ አንድ እርሳስና ግማሽ ብስኩት ብቻ ቀርቷል።

ኮፍያ ሁለቱንም ወገን ሸጦ ወደብ ደርሷል።

«እርስዎ እዚህ ተዋናይ ሲጠብቁ፣» አለ ዜሊግ፣ ምድጃው ሹክ እያለው፣ «እሱ በእናትዎ ወረቀት ተሳፈረ።»

ኮሎኔሉ ጮኸ። መቶ አለቃው ሮጠ። ሁለቱ ባለጠመንጃዎች ከጓዳ ወጥተው ተከትለውት ሮጡ። ኮሎኔሉ ብዕሩን አነሣ፣ ቀለም ነከረ፣ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

ምድጃው ሳለ።

ደረቅ ሳል። የጥላሸት ሳል። ሁለት ጊዜ።

ብዕሩ ቆመ።

ኮሎኔሉ ዜሊግን አየው። ምድጃውን አየው። ሽጉጡን አወጣ።

አንድ ጥይት።

ነጩ ሸክላ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ጥቂት አመድ ፈሰሰ። ከኋላው አንድ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደ። ከዚያ ምንም።

ዜሊግ ጠበቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝምታ በመጣ ቁጥር ከእግሩ ሥር አንድ ድምፅ ይነሣ ነበር። አሁን አልተነሣም። ኮሎኔሉ ፊቱን ያነባል። ፊቱ ላይ ሐዘን ብትታይ፣ የዐይኑ ሽፋን እንኳ ቢርበተበት፣ ምድር ቤት ያሉት ሃያ ሦስት ሰዎች አለቀላቸው።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን የራሱን ቃል ተናገረ።

«ጥሩ ምድጃ አበላሹ፣ ክቡር ኮሎኔል። ይፈርሙልኝ፤ እየበረደ ነው።»

ኮሎኔሉ ፈረመ።

እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ወጡ። ሻምበሉ ከፊት ሆኖ እየረገመ፣ እየገፋ፣ እያንቋሸሸ ነዳቸው። የሱፍ ሻጯ ሴት በሐዘን አማተበች። ሁለት መንገድ ተሻገሩ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከደረቀው የውኃ ቧንቧ አጠገብ፣ ሻምበሉ ሲጋራ ለመለኮስ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ሲጋራውን እስኪጨርስ አልዞረም። ሲዞር ጎዳናው ባዶ ነበር።

ፐርል ብቻ ስታልፈው ቀስ ብላለች።

«ጫማህ ጠቦሃል፣» ብላዋለች በሹክሹክታ። «ሬብ መንደልስ?»

ሻምበሉ ሌላ ክብሪት ጫረ።

በስምንት ሰዓት እውነተኛው ሻምበል ነቃ። ልብሱ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ተሰቅሏል። ጫማው ትንሽ ሰፍቶታል፤ ከመጠጡ ነው አለና ሄደ።

በማግስቱ ቀዮቹ ገቡ። ዜሊግ ብራይማንን ሊሸልሙት ፈለጉት፣ መድረክ አዘጋጁለት፣ የናስ ጥሩንባ መቶ፣ ኧረ ሁለት መቶ አሰለፉለት። ዜሊግ አልተገኘም። ዛሬ ከዲኔስተር ወንዝ ማዶ፣ ስሟን በማልነግራችሁ ትንሽ ከተማ፣ በማልነግራችሁ ሌላ ስም፣ አንድ ቃል አስታዋሽ አለ። ስሙ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ሣጥኑ ውስጥ ይገባል፣ ሻማውን ይለኩሳል፣ ለሌሎች ይሹካል። ሕዝቡ ሲያጨብጭብ ቀና አይልም። ማንም አያውቀውም፤ ከእኔ በቀር። አሁን ደግሞ ከእናንተ በቀር።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለፐርል ላነብላት ሄድኩ። ከሷ የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል? ዜሊግ ልምምድ ላይ ነበር። እሷ ማድ ቤቷ ቁጭ ብላ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። አንብቤ አንብቤ፣ ጥይቱ ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፤ መጨረሻው ላይ ራሴ አለቀስኩ። እሷ መፋቋን አላቋረጠችም።

«ሻዬ፣» አለችኝ፣ «ማንም እኮ አልመጣም።»

«እንዴት ማንም?»

«ሻምበል የሚባል አልመጣም። ጠባቂዎቹ ጠዋት ወደ መርከቦቹ ሮጡ። ከመቸኮላቸው በሩን አልቆለፉትም። እኛ ወጥመድ መሰለን። ሃያ ሦስት ሰው ገርበብ ያለ በር እያየን ስንት ሰዓት ተቀመጥን። አንድም ሰው ተነሥቶ አልገፋውም።»

«ሬብ መንደልስ?»

«መንደል በተስቦ የሞተው በጥር ነው። አንተ አይደለህ እንዴ አስከሬኑን የተሸከምከው?»

ወረቀቶቼን አጠፍኩ። እሷ ዓሣውን ገለበጠችው።

«ከሰዓት በኋላ ዜሊግ መጣ። ካፖርቱም ጫማውም የራሱ ነበር። በሩን ገፋና ደፉ ላይ ቆመ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ አያየንም። እንኑር አንኑር አያውቅም። ሊጣራ አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣውም። መንደል የለማ። ዝም ብሎ ቆመ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እኔም ሦስት ቆጠርኩና አጨበጨብኩለት።»